መከታ ደበላ፣ ዕድሜ ዘጠኝ፣ ጾታ ወንድ

የሥራ ዘመኑን የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ነው። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከእንስሳት ክሊኒክ ወጥቼ በአንድ የሙያ ኮሌጅ የእንስሳት ጤና አስተማሪ ከሆንኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ይሁን እንጂ ስምንት ዓመት ላምና ውሻ ሲይዝ የኖረ እጅ ጠመኔ ሲጨብጥ፣ አንድ ዘመን መዘጋቱ ይሰማል። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ክሊኒኩን ለምን ተዉት?» አለችኝ።

«ማስረዳት ስለምወድ» አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠባዬን አውቀውታል ማለት ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ አንድ ውሻ፣ አንድ ሽማግሌና በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ስላለበት በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። እዚህ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ከትምህርት እንደወጣሁ የተመደብኩት ከከተማ ርቆ በሚገኝ ወረዳ፣ በከብት ክትባት ላይ ነበር። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሪፖርቱ በሦስት ቅጂ ካልተጻፈ ግን በሬው የተከተበ አይመስላቸውም። እዚያ ቅጽ መሙላት ተማርኩ። ቀጥሎ ካራ አካባቢ በወተት ላሞች እርባታ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤ እዚያ ደግሞ ከእርግጫ መሸሽ ተማርኩ። ደመወዙ በሁለቱም ቦታ የሚወራለት አልነበረም። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቦታዬ ከሾላ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበረች። ሙያዬን በትክክል የተማርኩት እዚያ፣ ከዶክተር ብርቅነሽ ነው።

ዶክተር ብርቅነሽ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሐኪም ናቸው። ጠዋት ሲገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው የቀኝ እጃቸውን ጥፍር መሞረድ ነበር። በየቀኑ። «ዛሬ ይህ ጣት የት እንደሚገባ አላውቅም» ይሉ ነበር። ማለስለሻ ቅባቱን በሰውነታቸው ሙቀት እንዲሞቅ በጋውናቸው ኪስ ይይዙታል፤ ጓንት ካጠለቁ በኋላ ውሻው እንዲያሸተው አፍንጫው ሥር ያቆዩታል። ውሻውን ከመንካታቸው በፊት ደግሞ ስለ ቤቱ ይጠይቃሉ። ማን ያበላዋል? የት ይተኛል? ከቤተሰቡ ማን ቀድሞ ይነሳል? ባለቤቱ መድኃኒት ይዞ ሊወጣ ሲል፣ «ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?» ብለው ጠይቀው ዝም ይላሉ። ሰውየው ከአልጋው ተነስቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ክኒኑን ውሻው አፍ ውስጥ እስኪያደርስ ድረስ ያዳምጡታል። እኔ ይህን ልማዳቸውን ጊዜ እንደ ማባከን እቆጥረው ነበር።

ፕሮስቴትን በጣት መለየት ያስተማሩኝ በካልሲ ነው። ረጅም ካልሲ ውስጥ አንድ ቀን ሎሚ፣ አንድ ቀን ብርቱካን፣ አንድ ቀን የበሰለ ቲማቲም፣ አንድ ቀን ጎርባጣ ድንች ይከቱና ዓይኔን ጨፍኜ በአንድ ጣት እንድለይ ያደርጉኛል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፕሮስቴት በወንድ ውሻ ፊኛ አንገት ላይ ያለ ዕጢ ነው። የሽንት ቱቦው በመሃሉ ያልፋል፤ ከበላዩ ደግሞ አንጀቱ አለ። ያልተኮላሸ ውሻ ሲያረጅ ይህ ዕጢ ያድጋል። ጣት ሲደርስበት ሁለት ጉብታዎችና በመሃላቸው ያለ ቦይ ይገኛሉ። ሁለቱ እኩል ካደጉ፣ ለስላሳ ከሆኑና ውሻውን ካላመመው፣ የእርጅና እድገት ነው። ሲነካ የሚጮህ ከሆነ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። እንደ ጎርባጣው ድንች ደረቅና ወጣ ገባ ከሆነ ግን ዶክተር ብርቅነሽ ጓንታቸውን በጣም ቀስ ብለው ያወልቃሉ።

መከታ የመጣው ገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ትልቅ፣ ዳማ፣ አንድ ጆሮው በጅብ የተቀደደ፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ ውሻ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ደበላ ከእንጦጦ ፓርክ አጥር ወዲህ ባለው ተዳፋት ላይ ይኖራሉ። ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን የቀራቸው ሁለት ላሞችና ጥቂት በጎች ናቸው። እነሱን ከጅብ የሚጠብቀው መከታ ብቻ ነው።

«ደም ያንጠባጥባል» አሉ ቆባቸውን አውልቀው። «ሽንት ሳይሸና ደም ብቻ። ለዓይነ ምድር ሲቀመጥ ደግሞ ያምጣል። የሚወጣውም እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ነው።»

እኔ ውሻውን «ቁጭ በል» አልኩት። አልሰማኝም። «ና» ስለው ወደ ግድግዳው ዞረ።

«አማርኛ አይሰማም» አሉ ጋሽ ደበላ። ከዚያ በኦሮምኛ «ታኢ!» ሲሉት እንደ ወታደር ተቀመጠ።

«ኧረ ጋሼ፣ አዲስ አበባ እየኖረ!»

«እኔ ሁለቱንም እችላለሁ፤ ለጎረቤት አስተረጉምለታለሁ። እሱ ከጅብ ጋር ነው ሥራው፤ ለጅብ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?»

ዶክተር ብርቅነሽ ጓንታቸውን አስሸተቱት፤ በጣታቸው መረመሩትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ብርቱካን» አሉኝ። እኩል፣ ለስላሳ፣ ሕመም የሌለበት ብርቱካን። በአልትራሳውንድም አረጋገጥን። ከዚያ ማዳመጫቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«ትክክለኛው ሕክምና ማኮላሸት ነው» አሏቸው። «ዕጢውን የሚያሳድገው ሆርሞን ምንጩ ሲወጣ እብጠቱ ይሟሽሻል። ግን ልቡ ውስጥ የማልወደው ድምፅ አለ። ማደንዘዣውን ላይችል ይችላል። ስለዚህ በክኒን እንጀምር።»

«ቢላዋ የለም ማለት ነው?»

«ለጊዜው የለም።»

ጋሽ ደበላ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ። በዚህ መሃል ከካራ ስልክ ተደወለ፤ ላም ምጥ ይዟት ጥጃው ተጠማዟል። ዶክተር ቦርሳቸውን አንስተው ሲወጡ፣ «ቲጂ፣ አንቺ ጨርሺላቸው። ቤቱን ጠይቂ» አሉኝ።

ጨረስኩላቸው። እንዴት ባለ ማስረዳት! በወረቀት ላይ ወፍጮ ሳልኩላቸው። «ጋሼ፣ ይኸውልዎት፤ ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን እህል ነው። ዕጢው ውስጥ ወፍጮ አለ። እህሉን ፈጭቶ ሌላ ብርቱ ሆርሞን ያደርገዋል፤ ዕጢውን የሚያሳብጠው ይህ ዱቄቱ ነው። ይህ ፊናስቴራይድ የሚባል ክኒን ወፍጮውን ያቆመዋል። እህሉ አለ፤ ዱቄት ግን የለም። ዕጢው ቀስ ብሎ ይቀንሳል። ክኒኑን ካቋረጡ ወፍጮው ይነሳል።» ክኒኑን እንዳይሰብሩት፣ በተለይም እርጉዝ ሴት የተሰበረውን እንዳትነካ ነገርኳቸው። በመጨረሻም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «በየቀኑ አንድ ክኒን፣ ከሥጋ ጋር» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። እሳቸውም፣ «ተባረኪ፣ አስተማሪ ይመስል» አሉኝ።

መድኃኒቱ በእርጅና ለሚቸገሩ ወንዶች የሚሰጠው ያው መድኃኒት ስለሆነ የሚገኘው ከሰው ፋርማሲ ነው። ማዘዣውንም ሞልቼ ወደ ሾላ ላክኋቸው። ሰዓት ሳይሞላ የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ።

«ይህን ማዘዣ የጻፈው ማን ነው?» አለች አንዲት ሴት። ፋርማሲስቷ ነበረች።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«የፕሮስቴት መድኃኒት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ? ጤነኞች ናችሁ? አባትየው ፊቴ ቆመዋል፤ ስጠይቃቸው ደግሞ ይቀልዱብኛል!»

«ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ አልኳቸው። የለም፣ ቀን ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ተነስቶ ጅብ ያባርራል አሉኝ!»

የማዘዣውን ቅጂ አነሳሁ። በክሊኒካችን ካርድ ላይ የእንስሳው ስም ይቀድማል፤ የባለቤቱ ስም ይከተላል። እኔም እንዳለ ገልብጬ «መከታ ደበላ፣ ዕድሜ 9፣ ጾታ ወ» ብያለሁ። በአገራችን ሁለት ስም ተከታትሎ ያነበበ ሰው ሁለተኛውን አባት ከማድረግ ሌላ ምን ያደርጋል?

«እህቴ» አልኩ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ «መከታ ውሻ ነው።»

ሳቋ ፈነዳ፤ ለሌሎቹም ስትነግራቸው ሰማሁ። ወረፋ ላይ ያሉ አንድ አዛውንት ይመስሉኛል፣ «እኔ የምውጠውን ነው ውሻ የሚውጠው?» ሲሉ፣ ጋሽ ደበላ ቀበል አድርገው፣ «ታዲያስ! በውሻ ቆጠራ እኮ እኩያዎት ነው» አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዘዣዎቻችን ራስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ውሻ» ብዬ እጽፍ ጀመር።

ከአንድ ወር በኋላ ደሙ ቆመ። ካርዱ ላይ «ጥሩ ለውጥ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

መከታ የተመለሰው ፋሲካ ባለፈ ማክሰኞ ነው። በባጃጅ ወለል ላይ ተኝቶ መጣ። ጀርባው ጎብጧል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ከሥሩ የተነጠፈለት ጆንያ ደም ነክቶታል። ሦስት ቀን ዓይነ ምድር አልወጣውም። ሲያምጥ ያሰማው የነበረውን ድምፅ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

«መድኃኒቱን እየሰጡት ነበር፣ ጋሼ?»

«ሥጋ በነበረ ጊዜ፣ አዎን።»

«እንዴት ማለት?»

ከኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ የእኔን ወረቀት አወጡ። «ከሥጋ ጋር ይላል። ሁዳዴ ገባ። በእኔ ቤት በሁዳዴ ሥጋ አይገባም። ያለ ሥጋ ብሰጠው ሆዱን ይጎዳዋል ብዬ ፈራሁ። እኔም ሐኪሜ ከምግብ ጋር ካለኝ ያለ ምግብ አልውጥም።» ትንሽ አሰቡና፣ «ረቡዕና ዓርብማ ከመጀመሪያውም አልሰጠሁትም» አሉ።

ሃምሳ አምስት ቀን። እኔ ሥጋ ያልኩት ክኒኑን ለመደበቅ ብቻ ነበር፤ እሳቸው የመድኃኒቱ አካል አድርገው አከበሩት። የተሳሳቱት እሳቸው አልነበሩም። እኔም እኮ ጾሜያለሁ! ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ ከምሳ ዕቃዬ ሽሮ ስበላ፣ በዚያ ተራራ ላይ ያለ ቤትም እንደኔ እንደሚጾም አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። ወፍጮ መሳል የቻልኩ ሰው፣ «በጾም ጊዜስ?» የምትል ጥያቄ አልወጣኝም።

ዶክተር ብርቅነሽ አንጀቱን የሚያለሰልስ ነገር ሰጡት፤ ሽንቱን ለኢንፌክሽን መረመሩ፤ በጣታቸው ከነኩት በኋላ፣ «ከብርቱካንም አልፏል» አሉ። ለጋሽ ደበላ በግልጽ ነገሯቸው። «ሁለት ወር እንሞክራለን። ዕጢው ካልቀነሰ፣ ልቡ ቻለም አልቻለም የቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ማውጣቴ ነው።»

ጋሽ ደበላ የውሻውን የተቀደደ ጆሮ በመዳፋቸው ያዙ።

እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት ዶክተር እጃቸውን አነሱብኝና ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ጋሽ ደበላ፣ በጾም እርስዎ ዳቦውን በምን ነው የሚበሉት?»

«በለውዝ ቅቤ። ልጄ ከሾላ ታመጣልኛለች።»

«መከታስ ይወደዋል?»

«ይወደዋል ወይ! ማንኪያውን ከእጄ ነው የሚነጥቀኝ።»

ይኸው ነው። መልሱ ጾሙን ሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ዶክተር አልተቆጡኝም። ጥፍራቸውን እያዩ፣ «ቲጂ፣ አንቺ መልስ ታውቂያለሽ። ጥያቄ ነው የምትዘነጊው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንን ሁለት ወር እሑድ እሑድ ወደ ተራራው ወጣሁ። ማንም አላዘዘኝም። በፓርኩ አጥር ጥግ ያለውን አቀበት ስጨርስ ትንፋሼ ያልቃል፤ ከአጥሩ ውስጥ በፈረስና በብስክሌት የሚዝናኑ ሰዎች ሳቅ ይሰማል። ጋሽ ደበላ በሩ ላይ ሆነው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ መጣሽ?» ይሉኛል። ከዚያ «ኮቱ!» ብለው ውሻውን ይጠሩታል፤ ክኒኗን በለውዝ ቅቤ ሸፍነው በማንኪያ ያቀርቡለታል፤ እሱም ዋጥ አድርጎ ማንኪያውን ይልሳል። የማየው ብዙ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ያልጠየቅሁት ሁሉ እዚያ ነበር። የሚተኛው ከላሞቹ በር ሥር መሆኑን፣ ጠዋት ቀድመው የሚነሱት ጋሽ ደበላ መሆናቸውን፣ ክኒኑን ከጸሎታቸው ቀጥሎ ቢሰጡት ፈጽሞ እንደማይረሱት።

የመድኃኒቱን ሥራ የምንከታተለው በዓይነ ምድሩ ቅርጽ ነበር። ዕጢው አንጀቱን ሲጫን ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ሲለቀው ይከባል። ይህንን ለጋሽ ደበላ ስነግራቸው ዕለታዊ ሥራ አደረጉት። በአራተኛው ሳምንት ሚኒባስ ውስጥ ሳለሁ ደወሉልኝ።

«ቲጂ! ክብ ሆነ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በዱላዬ አገላብጬ አየሁት። ክብ ነው እልሻለሁ!»

«ሙሉ በሙሉ ክብ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት፣ «ምኑ ነው እናቴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ እስከ መቀመጫው ጫፍ ድረስ ሸሸች። እኔ ግን ስለ ዓይነ ምድር እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለቱ ወር ሲሞላ መከታ በራሱ እግር ወደ ክሊኒኩ ገባ። የሰኔ ጾም ተጀምሮ ነበር፤ አንድም ቀን አልተዘለለም። ዶክተር ብርቅነሽ ጓንቱን አስሸተቱት፤ መረመሩ። ፊታቸው ምንም አይናገርም። ጋሽ ደበላ ቆባቸውን እንደ ጨርቅ ይጨምቁታል።

«ጓንት አጥልቂ» አሉኝ። «አንቺ ንገሪያቸው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት ጉብታ፣ በመሃል ቦይ፣ እኩል፣ ለስላሳ። ካልሲው ትዝ አለኝ።

«ሎሚ ነው» አልኩ።

«ሎሚ ጥሩ ነው?» አሉ ጋሽ ደበላ።

«ሎሚ በጣም ጥሩ ነው፣ ጋሼ።»

ቢላዋው ቀረ፤ ክኒኑ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ በቀሩኝ ዓመታት ባለቤቶችን የማነጋግረው እኔ ሆንኩ። ወፍጮውን አሁንም እስላለሁ፤ ግን መጀመሪያ ስለ ቤቱ እጠይቃለሁ። የማስተማር ቦታው ሲወጣ ማስታወቂያውን ቆርጠው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡት ዶክተር ናቸው።

ግን የመከታን ጉዳይ በትክክል ልጨርስ። አዲሱ ዓመት ገብቶ ጥቅምት ላይ ጋሽ ደበላ ለወርሃዊው ምርመራ ውሻቸውን ይዘው ወረፋ ሲጠብቁ፣ በሩ በኃይል ተከፈተ። ከተዳፋቱ ግርጌ ያለው ትልቅ ግቢ ባለቤት ወይዘሮ ንግሥት ነበሩ። በክንዳቸው ካርቶን ታቅፈዋል፤ ካርቶኑ ውስጥ አምስት ቡችሎች ይላወሳሉ። አምስቱም ዳማ። የአምስቱም ጅራት ወደ ጀርባ የተጠቀለለ።

«ዶክተር፣ ይህን ያረጀ ውሻ ያዳናችሁት እናንተ ናችሁ?» አሉ መከታን እያመለከቱ። «የእኔ ቤላ እኮ ንጹሕ የጀርመን ዘር ናት! የታመመ ነው፣ የሆርሞን መድኃኒት ይወስዳል ሲሉኝ ምንም አያደርጋትም ብዬ በሬን ከፍቼ ተኛሁ!»

ዶክተር ብርቅነሽ ካርቶኑ ውስጥ ተመለከቱ። ከንፈራቸውን ነክሰው፣ «ይህ መድኃኒት ዕጢውን ነው የሚያሳንሰው፤ ወንድነቱን አይነካም» አሉ። «ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ነበረብን።» ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

ጋሽ ደበላ ተነሱ። ቆባቸውን አውልቀው በክብር ጎንበስ አሉ። «እንግዲህ አማቾች ሆነናል፣ ወይዘሮ ንግሥት።»

«አማች!» አሉ ወይዘሮ ንግሥት። ለመቆጣት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ ካርቶኑ በሳቃቸው ተንቀጠቀጠ። «አማች ከሆኑማ ጥሎሹ የታለ? ቢያንስ አንዱን ወስደው ያሳድጉ እንጂ!»

ጋሽ ደበላ ቡችሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ሆዳቸውን ገልብጠው አዩ። አራቱን መልሰው አስቀመጡ። አምስተኛዋን ደረታቸው ላይ አቀፏት።

«ይቺን ነው የምወስደው» አሉ። «ሴት ናት። ፕሮስቴት የላትም።»